ሳላስፈቅድ የለጠፍኩት ፎቶ

ያኔ የምሠራውን ነገር «ንግድ» ብዬ አልጠራውም ነበር። ሱቅ የለኝም፣ ታፔላ የለኝም፣ በር ከፍቼ ደንበኛ አልጠብቅም። ያለኝ አንድ ስልክ፣ አንድ የፌስቡክ ገጽ፣ ሁለት ድስትና ባዶ ጠርሙሶች ብቻ ናቸው። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ቤት ነው የምውለው፤ ትንሽ ትንሽ የፀጉር ቅባት እየሠራሁ ለሰው እሰጣለሁ» እል ነበር። «እሰጣለሁ» ነው የምለው። «እሸጣለሁ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም።

ሰብለ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ መቀሌ የገባሁት ኪሮስን አግብቼ ነው። ኪሮስ ዓይናለም ያሉት የውኃ ጉድጓዶች ላይ የፓምፕ ቴክኒሻን ነው። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በኮንትራት ጸሐፊ ሆኜ አራት ዓመት ሠራሁና ኮንትራቱ ሳይታደስልኝ ቀረ። ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ተከራይተን በምንኖርባት ቤት ውስጥ ወራት ሙሉ ግድግዳ ሳይ ከረምኩ። ለራሴ ፀጉር የምሠራት ቅባት ነበረችኝ፤ የጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና የጥብስ ቅጠል። አንዲት ጎረቤቴ ሞከረቻትና ወደደቻት። ቀጥሎ እህቷ ጠየቀችኝ። ከዚያ ገጽ ከፈትኩ። ዓመት ሳይሞላ መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሴቶች ሰላም ይሉኝ ጀመር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው የተቆጠርኩ መሰለኝ።

ይህን የምነግራችሁ ክፉ ሰው እንዳልነበርኩ ላሳምናችሁ ብዬ አይደለም። ሰውን የሚጎዳው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለኝ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ቅባቱን ጥጄ እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። ከሁለት ቀን በፊት «አንድ ነገር ልጠይቅሽ እችላለሁ?» ብላ የጻፈችልኝና «እንዴታ፣ ጠይቂኝ» ያልኳት ሴት ናት። በገጿ ላይ የራሷ ፎቶ የለም፤ ያለው የአበባ ምስል ነው። የላከችው አራት ደቂቃ ገደማ የሚሆን የድምፅ መልእክት ነው፣ በትግርኛ። ከፈትኩት።

«ሰብሊ ሓፍተይ፣ የቐንየለይ…»

«እህቴ ሰብለ፣ አመሰግናለሁ» ማለቷ ነው። የእኔ ትግርኛ ያኔ የገበያ ትግርኛ ነበር፤ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ዋጋ እከራከራለሁ፣ ታክሲ ላይ «ወራጅ» እላለሁ። ሰው ሲያፈጥን ግን ጥሎኝ ይሄዳል። እሷም ታፈጥን ነበር። ድስቱ ሊገነፍል ሲል አቋረጥኩትና ወደ ምድጃው ሮጥኩ።

ስመለስ ከድምፁ ሥር ሁለት ፎቶ አየሁ። በመጀመሪያው ላይ አንዲት ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ራሷ ላይ አንዲት ዘለላ ፀጉር የለም። በሁለተኛው ላይ ያችው ሴት ሁለት ጣት የሚያህል ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር አብቅላ ፈገግ ብላለች።

አመሰግናለሁ ያለች ሴት እነዚህን ሁለት ፎቶዎች ከላከች ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቀሪውን ድምፅ አልሰማሁትም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አጋጠምኩና ከላያቸው «ከመላጣነት ወደ ለምለም ፀጉር! የቅባታችን ውጤት በሁለት ወር!» ብዬ ጻፍኩ። «በሁለት ወር» የሚለውን ከየት አመጣሽው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጥሩ መስሎኝ ነው። ለጠፍኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልኬ መተንፈሻ አጥቶ ነበር። ላይክ፣ ሼር፣ ኮሜንት፤ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ ከዓረብ አገር ሳይቀር «ላኪልኝ» የሚል መልእክት። ለኪሮስ አሳየሁት። ፎቶውን አይቶ ፊቱ አልፈታም።

«ሴትዮዋ ፈቅዳልሻለች?»

«ራሷ እኮ ናት የላከችልኝ።»

«የላከችው ላንቺ ነው።»

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ስልኩን መለሰልኝ። እኔም ቀናብኝ እንዴ ብዬ አኮረፍኩ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ የተማረ ሰው አማርኛ ነው፣ «ሐ» እና «ዐ» ግን እንደ አገሯ ከጉሮሮዋ ይወጣሉ።

«የፀጉር ቅባቱ ገጽ ባለቤት ነሽ?»

«አዎ እህቴ፣ ስንት ጠርሙስ ልላክልሽ?»

«ለተብርሃን እባላለሁ። ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ደስታዬን አልቻልኩትም። «ውይ የኔ ቆንጆ! ሰው ሁሉ ስላንቺ ነው እኮ የሚያወራው! በጣም ነው የማመሰግንሽ!»

ምስጋናዬን አልተቀበለችም።

«የላክሁልሽን ድምፅ ሰምተሽዋል?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

እዚህ ላይ ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አላውቅም፤ ማፈር ይመስለኛል። «አዎ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ ሳትሰሚው ቀርተሽ ይሆናል ብዬ ነበር የደወልሁት» አለች፤ ድምጿ አልጮኸም፣ ደከመ እንጂ። «ሰምተሽው ከሆነማ የምንነጋገረው ነገር የለም። አሁን ወደ ፖሊስ ነው የምሄደው።» ዘጋችው።

ኪሮስ ለምሳ እስኪመጣ ከቤት ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ቤት ተመላለስኩ። ገና ከበሩ ሲገባ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩና «ተርጉምልኝ፣ አንድም ቃል እንዳታስቀር» አልኩት። ቁጭ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር እየሰማ፣ እያቆመ፣ ነገረኝ።

«እህቴ ሰብለ፣ ጥያቄሽን ጠይቂኝ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ ትላለች። አስተማሪ ነኝ፣ ዓዲ ሓቂ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ ታከምኩ። ፀጉሬን የጨረሰው መድኃኒቱ ነው። አሁን ሕክምናው አልቆ በራሱ እየበቀለ ነው። ሐኪሜ ምንም ነገር ከመቀባትሽ በፊት በውስጡ ያለውን አጣሪ ብሎኛል። ቅባትሽ ውስጥ ምን ምን አለ? ራሴን እንድታዪው ፎቶ ልኬልሻለሁ።»

ኪሮስ አቆመ። «ቀጥል» አልኩት።

«በጃኺ ትላለች… እባክሽ ፎቶውን ለማንም እንዳታሳዪብኝ። እናቴ አታውቅም። ታላቅ እህቴን የወሰዳት ይኸው በሽታ ነው። እናቴ ያንን መከራ ገና አልረሳችም። ዳንኩ ብለው ሲያረጋግጡልኝ ራሴ እነግራታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ስንብት ነበር። ኪሮስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅባቴን ከነጭራሹ ተቀብታው አታውቅም። ጠርሙሱን እንኳ አላየችውም።

ፎቶውን ወዲያው አጠፋሁት። ከእኔ ገጽ ሲጠፋ ከሁሉም ቦታ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። «የፀጉር ቅባት» ብዬ ስፈልግ በሌሎች ገጾች ላይ አሥር ቦታ አገኘሁት። አንዷማ የእኔን ጽሑፍ ፍቃ የራሷን ቅባት ስም ጽፋበታለች! ወዲያው ጻፍኩላት፤ «ይህ ፎቶ የሰው ነው፣ አንሺው።» መልሷ አንድ መስመር ነበር፤ «ያንቺ ነው? ፈቃድ ካለሽ አሳዪኝና አነሳዋለሁ።»

ያችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ። ኪሮስ ከሥራ አስፈቅዶ ሸኘኝና ውጭ ቆየ። መርማሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። ለተብርሃን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጣለች። ራሷን በሰማያዊ ሻሽ ጠቅልላለች። በፎቶው ላይ ካየኋት ታንሳለች፤ ሠላሳም የሞላት አትመስልም። ቀና ብላ አላየችኝም።

መርማሪዋ የገጼን ወረቀት ላይ የታተመ ምስል አወጣች። «ይህን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አስፈቅደሻታል?»

«አላስፈቀድኳትም። ግን እሷ ናት በኢንቦክስ…»

«ሰው ፎቶውን ለአንድ ሰው ቢሰጥ ለሕዝብ አሳዪልኝ ማለቱ አይደለም» አለችኝ። «ያለ ሰውየው ፈቃድ ፎቶውን ለሕዝብ ማሳየት ፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚከለክለው ነው። ፌስቡክ ሳይፈጠር በፊት የተጻፈ ሕግ ነው፤ ፌስቡክ ስለመጣ አልተሻረም። የንግድ ፈቃድ አለሽ?»

«ቤት ውስጥ ነው የምሠራው።»

«ትሸጫለሽ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «እሸጣለሁ» አልኩ።

«እንግዲያ ነጋዴ ነሽ። ቅባቱን የመረመረው ማን ነው?»

«እኔ ራሴ እቀባዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም…»

«መርማሪ አካል ማለቴ ነው።»

«ማንም አልመረመረውም» አልኩ።

«በሁለት ወር ፀጉር ያበቅላል ብለሻል። ይህን በምን አረጋገጥሽ?»

መሬት መሬት አየሁ። ያኔ ለተብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ ለመርማሪዋ ሳይሆን ለእኔ። «እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ ነበር ያልሽኝ።»

«ዋሽቼሽ ነው» አልኳት። «መጀመሪያውን ብቻ ነው የሰማሁት። ትግርኛዬ ደካማ ነው። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ተረጎመልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ። ጥቂት ሰማች፣ አንድ ሁለት ቃል መለሰች፣ ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የእናቴ ጎረቤት ናት» አለች ለመርማሪዋ። «እሑድ የጎረቤቷ ልጅ ፎቶውን ለእናቴ አሳይታታለች። እናቴ ለእኔ ሳትደውል ዛሬ በጠዋት ከዓዲግራት አውቶቡስ ተሳፍራለች። አሁን መናኸሪያ መድረሷ ነው።»

ለመነሳት ሞከረችና መልሳ ተቀመጠች። መርማሪዋ ውኃ ልታመጣ ወጣች። ሁለታችን ብቻ ቀረን። አሁን ስናገረው ድፍረት ይመስላል፤ ያኔ ግን ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

«አብሬሽ ልሂድ» አልኳት።

«አንቺ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ልንገራቸው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጥላቻ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልነበረም። ሰው ለብቻው የተሸከመውን ሸክም ማንም ይሁን ማን በአንድ በኩል ሲያነሳለት የሚያየው ዓይነት አስተያየት ነበር። «ነይ» አለች። «ነገር ግን አቤቱታዬን አላነሳም።»

«እንድታነሽ አልጠየቅኩሽም።»

መርማሪዋ ቀጠሮ ሰጥታ ለቀቀችን። ኪሮስን ቤት ጠብቀኝ አልኩትና ባጃጅ ያዝን። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ መናኸሪያው ስንታጠፍ፣ «ምን ይመስላታል መሰለሽ?» አለችኝ። «እየሞትኩ ልትሰናበተኝ የመጣች ነው የሚመስላት።»

እናቷን ከሩቅ አየኋቸው። ቀጭን ረጅም እናት ናቸው፤ አደይ ፀሓይቱ ይባላሉ፤ «አደይ» በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ አንዲት ትንሽ ጓዝ እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸውን ሲያዩ አልሮጡም፣ አልጮሁም። እስክትደርስ ጠበቁና በሁለት እጃቸው ሻሿን ፈቱት። መናኸሪያው ሰው ሞልቶበታል፤ እሳቸው ማንንም አላዩም። እጃቸውን ያቺ አጭር ፀጉሯ ላይ አድርገው ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ቀስ ብለው ዳሰሷት።

«በይንኺ?» አሏት።

ያቺን ቃል ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። «ብቻሽን?» ነው ያሏት።

ለተብርሃን ማልቀስ ጀመረች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ በአማርኛ መናገር ጀመርኩ፤ ካልጀመርኩ የምሸሽ መሰለኝ። «እናቴ፣ ፎቶውን ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ለተብርሃን እንባዋን እየጠረገች ወደ ትግርኛ መለሰችው። «ልጅዎ አደራ ለማንም እንዳታሳዪብኝ ብላኝ ነበር። ድምጿን ሳልሰማ፣ ሳልጠይቃት፣ ዕቃዬን ልሸጥበት ለጠፍኩት።» ይህንንም መለሰችው። «የጻፍኩት ሐሰት ነው። ቅባቴን አልተቀባችም። ፀጉሯን የወሰደው መድኃኒቱ ነው፤ ሕክምናዋን ጨርሳለች፣ አሁን በራሱ እየበቀለ ነው…»

እዚህ ላይ ለተብርሃን ቃል አጣች። ስለ ራሷ ሕመም ለእናቷ የምትናገረው በእኔ ቃል ነበር። አንድ ጊዜ ጀምራ አቆመች። ከዚያ የእኔን ትታ በራሷ ቃል ነገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ሁሉን አልሰማሁም፤ ልሰማውም አይገባኝም ነበር። ፈቀቅ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ብዙ ቆይተው አደይ ፀሓይቱ ወደኔ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ለተብርሃን ተረጎመችልኝ።

«‹ልጄ በሕይወት መኖሯን ዛሬ በዓይኔ አየሁ፤ ስለዚህ አልረግምሽም› ትላለች። ‹ግን ይህን ነገር ልትነግረኝ የሚገባት እሷ ነበረች። ከአፏ የወሰድሽባትን አትመልሺላትም። ይህን እወቂ› ትላለች።»

እናትና ልጅ ተደጋግፈው ሄዱ። እኔ ግንቡ ሥር ብዙ ቆየሁ።

ለተብርሃን እንዳለችው አቤቱታዋን ወዲያው አላነሳችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጽሑፍ ዕርቅ ስንፈጽም የጠየቀችኝ ካሳ አልነበረም። ስሟን ሳልጠቅስ ያደረግሁትን በዚያው ገጽ ላይ እንድጽፍ፣ ጽሑፉ ዓመት ሙሉ ከሁሉም በላይ እንዲቆይ፣ ፎቶውን የወሰዱትን ገጾች አንድ በአንድ እየጻፍኩ እንዳስነሳ ነው። የዕርቁን ወረቀት እያሳየሁ አብዛኞቹን አስነሳሁ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

የንግዱን ጉዳይ ግን እሷ ይቅር ልትለው አትችልም፤ የእሷ አይደለም። ያለ ፈቃድ በመነገዴ ተቀጣሁ፤ ቅባቱ እስኪመረመር እንዳልሸጥ ተነገረኝ። ያደረግሁትን ገጹ ላይ ስጽፍ ብዙ ሰው መልስ ጻፈልኝ። «አታላይ» ያለኝ ነበር፣ «በርቺ» ያለኝም ነበር፤ ተከታዮቼ ግማሽ ሆኑ። ስምንት ወር ያህል ድስት ሳልጥድ ቆየሁ። በነዚያ ወራት ኪሮስ ማታ ማታ ትግርኛ ያስተምረኝ ነበር። ፈቃዱን ሳወጣ ቅባቱን የመረመረው ባለሙያ ውጤቱን ሰጥቶኝ «ፀጉር ያበቅላል ማለት አትችዪም፤ ያለሰልሳል ማለት ትችያለሽ» አለኝ። አሁን ጠርሙሴ ላይ ያለው «ያለሰልሳል» ነው፤ ከሥሩ በውስጡ ያለው ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል። ያን ዝርዝር ስጽፍ ለተብርሃን የጠየቀችኝ ይኸው ብቻ እንደነበር ትዝ አለኝ። «ምን ምን አለ?» ነበር ያለችው። አንድ መስመር ጽፌ ብመልስላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከለተብርሃን ጋር ጓደኛሞች ሆንን ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልሆንንም። ዓዲ ሓቂ አካባቢ አንድ ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ባለፈው ከተማሪዎቿ ጋር ነበረች፣ ሻሽ አልነበራትም። በአንገቷ ሰላም ብላኝ አለፈች። ደህና መሆኗን አየሁ፤ ከዚያ በላይ የምጠይቃት መብት የለኝም።

በስልክ የምትነግዱ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሱቅ ስለሌለን ሕግ የማያየን ይመስለናል። ግብር፣ ፈቃድ፣ ምርመራ ሲባል ሊያስቸግሩን የተፈጠሩ ወረቀቶች ይመስሉናል። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። መርማሪዋ የጠየቀችኝን ጥያቄዎች አሁን ሳስባቸው ግን ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ ይታየኛል። «አስፈቅደሻል?» ከሚለው ጀርባ ለተብርሃን አለች። «ማን መረመረው?» ከሚለው ጀርባ፣ ጤናዋ ገና ያልጸና አንዲት ሴት የእኔን ቅባት አምና ልትቀባ ነው። ሕጉ የተጻፈው እኛ ላናያቸው ለምንችል ሰዎች ነው፤ በስልክ የሚነግድ ሰው ደግሞ የደንበኛውን ፊት አያይም።

ባለፈው ወር አንዲት ደንበኛ የልጇን የተሠራ ፀጉር ፎቶ ላከችልኝ። በጣም ያምር ነበር፤ ልጅቷም ቆንጆ። ደወልኩና «ገጼ ላይ ባወጣው ትፈቅጂልኛለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «አይ፣ ይቅር» አለችኝ።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት፤ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አጠፋሁትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።